ቢጫው ብሎን

ጆቴ የኮምፒውተሩን ራም፣ የማስታወሻ ሰሌዳውን፣ በላጲስ ያሸው ነበር። ላጲሱ የተማሪ ነው፤ ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ሰማያዊ። በቀዩ በኩል አሸት ያደርግና የራሙን ወርቃማ ጥርሶች ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ ያያቸዋል፤ እፍ ይልባቸዋል፤ እንደገና ያሻል። ማንም አላስቸኮለውም። ማሽኑ በምንም ይታመም በምን፣ ጆቴ ራሙን ሳያሽ ምርመራ እንደማይጀመር ሁሉም ያውቃሉ።

«ዶክተር፣ በሽተኛው ይተርፋል?» አለች ናኦሚ።

«በሽተኛው ምንም አልሆነም» አለ ጆቴ፣ ዓይኑን ከራሙ ሳይነቅል። «የታመመው ኮዱ ነው።»

ማሽኑ የሩክያ ነው። ማሽኑን ከጉቴ ከተማ ድረስ በብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ ሚኒባስ ውስጥ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ነው ያመጣችው። ረዳቱ ጥቅሉን አየት አድርጎ ስንት ወሩ ነው ብሎ ጠይቋት ነበር። በሌላ ቀን ቢሆን መልስ አታጣለትም፤ ዛሬ ግን ብርድ ልብሱን ጠበቅ አድርጋ በመስኮት ወደ ውጭ ማየቷን ቀጠለች።

የጆቴ የጥገና ሱቅ ከነቀምቴ መናኸሪያ ጀርባ ናት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደንበኛ አይስተናገድባትም፤ አራቱ ጓደኛሞች ይበቋታል። ጆቴ እጁ ያልገባበት ኮምፒውተር ከተማው ውስጥ የለም ይባላል፤ ይህን የሚለው በብዛት ራሱ ቢሆንም እውነትነት አለው። ናኦሚ ለመሥሪያ ቤቶች ኔትወርክ ትዘረጋለች፤ ከሰው ይልቅ ከጣሪያ ጋር የምትተዋወቅ ናት። ኢቢሳ የሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ ኮምፒውተር የሚወደው ለጌም ነው፣ ግን ለመሥሪያ ቤት ሥራ እንደሚያስፈልገው ለሚስቱ ነግሯታል። ሩክያ ጉቴ አጠገብ ያለ ትምህርት ቤት ሒሳብ ታስተምራለች፤ በትርፍ ጊዜዋ ፕሮግራም ትጽፋለች። ወላጆቿ በሰፈራ ከወሎ የመጡ ናቸው፤ እሷ ግን እዚሁ ነው የተወለደችው። ወሬዋን በኦሮምኛ ጀምራ በአማርኛ ትጨርሳለች፤ ስትናደድ ብቻ ከራስጌ እስከ ግርጌ ወሎዬ ትሆናለች።

የቅዳሜዋ ሱቅ ሁለት ሕጎች አሏት። አንደኛው፣ «ፎርማት ይደረግ» ያለ ሰው የሁሉንም ሻይ ከጎረቤት ያመጣል። ሁሉን አጥፍቶ እንደ አዲስ መጀመር ከሕክምና አይቆጠርም። ኢቢሳ ይህን ቃል ዛሬ የተናገረው ብርድ ልብሱ ገና ሳይፈታ ነው፤ ሻዩ ታዝዟል።

ሁለተኛው የብሎኖቹ ሕግ ነው። ማሽን ሲከፈት የክዳኑ ብሎኖች ለሰዎቹ አንድ አንድ ይታደላሉ። ጠረጴዛው ላይ ክዳናቸው የተበሳ ሁለት የቫዝሊን ብልቃጦች አሉ፤ አንዱ ላይ «ዕቃ»፣ ሌላው ላይ «ኮድ» ተብሎ ተጽፎባቸዋል። እያንዳንዱ በተራው ጀርባውን ለሌሎቹ አዙሮ፣ በሽታው ያለበት መስሎ በታየው ውስጥ ብሎኑን ይጥላል። ምርመራው ሲያልቅ ይከፈታሉ። የተሳሳተ ሰው ምንም አይቀጣም፤ እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ድረስ ግን መሳቂያ ይሆናል፤ ከዚያ ሻይ መግዛት ይቀላል።

የሩክያ ማሽን ብሎኖች አራት ናቸው፤ ሦስቱ ጥቁር፣ አንዱ ቢጫ። አራተኛው ጥቁር ማሽኑን ሲገጣጥም ስለጠፋበት፣ ጆቴ ቢጫውን ከሌላ ማሽን ነቅሎ ተካው። ስለዚህ ቢጫው ያለ ክርክር ለእሱ ተሰጠ።

ናኦሚ ጥላ ተመለሰች። ኢቢሳም ጣለ። ጆቴ ከሌሎቹ ይልቅ ትንሽ ቆየ፤ ናኦሚ እንቅልፍ ወስዶህ ነው ወይ አለችው። ሩክያ በመጨረሻ ተነስታ ጀርባዋን አዞረች። ብሎኗ ስትወድቅ ተሰማ፤ የሁለቱም ብልቃጦች ድምፅ አንድ ዓይነት ስለሆነ የት እንደጣለች ማንም አላወቀም።

ነገሩ የደወል ነው። የትምህርት ቤቱ ደወል ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የጭነት መኪና ቸርኬ ነበር፤ ዘበኛው ጋሽ አስማረ በብረት ይመቱታል። ባለፈው ዓመት መጨረሻ ሩክያ ሰዓቱን ጠብቆ ራሱ የሚደውል ፕሮግራም ጻፈች፤ ጆቴ ከወዳደቁ ማሽኖች አንድ ገጣጥሞ ሰጣት፤ ከድምፅ ማጉያ ጋር አገናኙት። ያኔ ለሁለት ቅዳሜ ያህል ስለ ሌላ ነገር አላወራችም። ኮምፒውተሩ የእኛን ሰዓት አወቀ፣ አስተማርኩት፣ ከእንግዲህ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን ሁለት ሰዓት ነው የሚለው እያለች አደነቆረቻቸው። ጆቴም አልተሻለም። የገጠመው ማሽን ሦስት ዓመት ሙሉ ካቻቢቴ ሳይነካው እንደሚኖር ሦስቱንም ምስክር አድርጎ ነበር።

ርዕሰ መምህሩ ኦቦ ዋጋሪ ደወሉን ወደዱት። ሴሚስተሩን ያለ ስህተት ከደወለ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ አጠገብ ያለውን ባዶ መጋዘን ለኮምፒውተር ክበብ እሰጥሻለሁ አሏት። ክበቡ እስካሁን ዛፍ ሥር ነው የሚሰበሰበው። ልጆቹ የሚማሩት ሩክያ ካርቶን ላይ በሣለችው የፊደል ገበታ ነው። ሚስራ የምትባል ተማሪዋ ዓይኗን ጨፍና በአሥሩም ጣቶቿ መምታት ትችላለች፤ እስካሁን ግን ስትመታ አንድም ፊደል ወጥቶላት አያውቅም።

በዚህ ሳምንት ደወሉ አበደ። ሩክያ ሰኞና ማክሰኞ ለለቅሶ ኑኑ ቁምባ ወረዳ ሄዳ ነበር። እሑድ መብራት ጠፍቶ አድሮ ሰኞ ጭራሽ እንዳልደወለ ነገሯት። ረቡዕ ጠዋት ራሷ ደርሳ ጆሮዋን አቁማ ጠበቀች፤ ደወሉ ዝም አለ። ከምሳ በኋላ፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ የጠዋቱን የሰልፍ ደወል ደወለ። የአንደኛ ክፍል ልጆች እየሮጡ ሄደው ባንዲራው ሥር ተሰለፉ። ሐሙስም አርብም እንደዚያው። አርብ ዕለት ኦቦ ዋጋሪ ረጋ ብለው አነጋገሯት። ሰኞ ጠዋት በትክክል ካልደወለ ወደ ቸርኬው እንመለሳለን አሉ። መጋዘኑን ለምርጥ ዘር ማስቀመጫ የሚፈልጉ ሰዎች ደጋግመው እየጠየቋቸው መሆኑንም ጨመሩ። ጋሽ አስማረ ብረታቸውን ከወዲሁ አውጥተው ወልውለውታል።

ሩክያ ኮዷን ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ አንብባዋለች። ለጓደኞቿ ያለችው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ዕቃው ነው።

ጆቴ ራሙን ቦታው መልሶ ጠቅ እስኪል ተጫነው፤ የመብራት ገመዱን ዲቫይደሩ ላይ፣ አንድ ስፒከር ደግሞ ማሽኑ ላይ ሰክቶ ማሽኑን ክዳኑ እንደተከፈተ አስነሳው። አራቱም ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። ኢቢሳ የማዕዘኑን ሰዓት አየ፣ የእጁን ሰዓት አየ።

«ዘጠኝ ከሃያ አምስት። ሰዓቱ ልክ ነው» አለ።

ሁሉም የእጃቸውን እያዩ ልክ መሆኑን አረጋገጡ። ዕቃው ልክ ነው ማለት ነው፣ አለ ጆቴ፣ ሳይጠየቅ። ዕቃ ሰው አይዋሽም፤ የሚዋሸው ሰው የጻፈው ነው። ሩክያ ደግሞ ኮድ ያዘዙትን ብቻ እንደሚያደርግ፣ ዕቃ ግን አቧራ ሲበዛበት፣ ሲሞቀው፣ ሲከፋው የፈለገውን እንደሚያደርግ ነገረችው። ናኦሚ ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ፣ ደወሉ ነው ጥፋተኛው፣ እሱን እንፍታው አለች። ከዚያ ስክሪኑን እያዩ ጠበቁ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሲሆን ማሽኑ ሦስት ጊዜ አጭር አጭር ደወለ።

ሩክያ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ሦስት አጭር የጠዋት ዕረፍት ነው፤ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ መደወል የነበረበት።

«ወጣን» አለ ኢቢሳ፣ ተነስቶ። «እኔ ሻዩን ላምጣ፤ እናንተ ኳስ ተጫወቱ።»

ሻዩ እስኪመጣ ጆቴ ኮዱን እንድታሳየው ጠየቃት። ኮድሽን ስትደብቂ እንደ ሙሽራ ነሽ አላት። እሷ ግን ኮዱን መክፈት አልፈለገችም። ሌላ ሰው ሲያነብባት ክፍል ፊት እንደወጣች ተማሪ ትሆናለች፤ እጇን የምታስቀምጥበት ይጠፋታል። ይልቅ ስልኳን አብርታ ወደ ተከፈተው ማሽን ጎንበስ አለች። የጆቴን ዓይን ሽሽት እንጂ እዚያ ውስጥ የምትፈልገው ነገር አልነበራትም።

ውስጡ የጉቴ መንገድ አቧራ ነው። ሽቦዎቹ ላይ፣ የማራገቢያው ክንፎች ላይ፣ በየጥጉ፣ ስስ ቡናማ ሆኖ ተነጥፏል። ጆቴ በብሩሽ ያጸዳው የራሙን ሠፈር ብቻ ነው። ሩክያ ብርሃኑን ቀስ ብላ ስታዞር ሌላም የጸዳ ቦታ አየች። ከታች በኩል፣ የሳንቲም ያህል ክብ የሆነችው ባትሪ ታበራለች። ማሽኑ መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን የሚያስታውሰው በእሷ ነው። በዙሪያዋ አቧራው የጣት አሻራ አለበት።

«ይህችን ማን ነካት?» አለች።

ቀና ስትል ጆቴ ላጲሱን ይዞ ጠረጴዛውን ያሻል።

«ያ ጆቴ» ብላ ጠራችው ናኦሚ። «ራሙ እኮ ማሽኑ ውስጥ ነው።»

ጆቴ ላጲሱን አስቀመጠ። ከዚያም ወሬው ከአፉ በጥቂት በጥቂቱ ወጣ። ማክሰኞ ዕለት ፕሪንተር ሊጠግን ጉቴ ሄዶ ነበር። በትምህርት ቤቱ በር ሲያልፍ ጋሽ አስማረ ደወሉ መሞቱን፣ ከአንገታቸው በላይ እያዘኑ፣ ነገሩት። ገብቶ ሲያይ የሞተችው ባትሪዋ ናት፤ ከወዳደቀ ማሽን ያወጣት አሮጌ ነበረች። ቦርሳው ውስጥ አዲስ ነበረችውና ለወጣት። ለመምህርቷ እንዳይናገሩ ጋሽ አስማረን ለመናቸው። ሦስት ዓመት አይከፈትም ያለው ማሽን ገና በመንፈቁ ተከፈተ ሲባል የሚመጣበትን ቅዳሜ አስቦ ነው።

«ዕቃ ሰው አይዋሽም» አለች ናኦሚ፣ ድምፁን አስመስላ።

ኢቢሳ አራት ብርጭቆ ሻይ በትሪ ይዞ ገባና ምን እንዳመለጠው ጠየቀ። ናኦሚ ከመጀመሪያው፣ ትንሽም እየጨመረችበት፣ ነገረችው። በእሷ አነጋገር ጆቴ የትምህርት ቤቱን አጥር ዘሎ ነው የገባው። ጆቴ ግን ሳቁ ውስጥ ቆሞ ራሱን ነቀነቀ። ባትሪ ለውጦ ማሽን ያበደበት ሰው አይቶ አያውቅም። ቢሆን ቢሆን ማሽኑን አድኗል እንጂ አልጎዳም።

ሩክያ አልሳቀችም። ዓይኗ የስክሪኑ ማዕዘን ላይ ነበር።

«ባትሪዋ ስትሞት ሰዓቱም አብሮ ይጠፋል» አለች። «አዲሷን ስታስገባ ሰዓቱን አንተ ነህ የሞላኸው?»

«ታዲያ ማን ይሙላው?»

«በምን ሞላኸው?»

«ቀኑን ከስልኬ አየሁ። ከዚያ ስልኬ ጠራ፤ እያወራሁ ሰዓቱን ከግድግዳው ወሰድኩ።»

«ከግድግዳው ሰዓት።»

«ከግድግዳው። ሦስት ሰዓት ከሩብ ይል ነበር፤ ሦስት ከሩብ አልኩት።»

ሩክያ የእጇን ሰዓት አየች። ስክሪኑን አየች። አንድ ናቸው። ከረቡዕ ጀምሮ አንድ ነበሩ። ሦስት ቀን ሙሉ ያንን ማዕዘን ስታየው፣ ከእጇ ሰዓት ጋር ስለተስማማ፣ ዓይኗ ሳይቆም አልፎታል።

«ኧረ በአላህ» አለች። «ማሽኑ የፈረንጅ ሰዓት ነው የሚይዘው። የኔ ፕሮግራም ከእሱ ላይ ስድስት ቀንሶ ነው የእኛን የሚያገኘው። አንተ የእኛን ሞላህለት፤ እሱ ከእኛ ላይ እንደገና ስድስት ቀነሰ።»

መጀመሪያ የሳቀችው ናኦሚ ናት፤ ስልኳ የፈረንጅ ሰዓት የሚያሳይ ሆኖ ሳለ፣ እሷም በእጇ ሰዓት ነበር ያረጋገጠችው። ኢቢሳ ስሌቱን በጣቶቹ ሞከረ፣ ጣት አነሰው፣ እንደገና ጀመረ። ጆቴ ግን አፉን ከፍቶ ሩክያን ያያት ነበር።

«የእኛን ሰዓት ያውቃል ያልሽው አንቺ ነሽ» አለ። «ሁለት ቅዳሜ ሙሉ። አስተማርኩት አልሽ። የእኛን ለሚያውቅ የእኛን ሞላሁለት። ጥፋቴ የቱ ላይ ነው?»

ሩክያ ያኔ ያለችውን አስታወሰች። ብላ ነበር። ስድስት የምትቀንሰውን መስመር ግን ለማንም አላሳየችም፤ ማሽኑ ላይም አልጻፈችም። አዋቂ የሚመስል ፕሮግራም ነው የፈለገችው፤ እንዴት እንዳወቀ ሰው እንዲያይ አልፈለገችም።

«ዱጋዳ» አለች በመጨረሻ፣ ቀስ ብላ። እውነት ነው ማለቷ ነው። ጆቴ ይህን ቃል ከአፏ ሰምቶ ስለማያውቅ ለናኦሚ ሰማሽ አላት። ናኦሚ አልሰማሁም፣ ይደገም አለች። አልተደገመም።

ጆቴ ሰዓቱን ወደ ፈረንጅ ሊመልሰው እጁን ወደ ኪቦርዱ ዘረጋ። ሩክያ እጁን ያዘችው።

«ተወው» አለች። «ነገ ባትሪዋ ደግሞ ትሞታለች። አንተ ባትኖር ሌላ ሰው ይመጣል። ጋሽ አስማረም ሊሆኑ ይችላሉ፤ ኦቦ ዋጋሪም። ለመርዳት ብሎ ይገባል፤ ቀና ብሎ ግድግዳውን ነው የሚያየው።»

ከዚያ፣ ማንም ሳይለምናት፣ ኮዱን ከፈተች። ሦስቱም ከኋላዋ ቆሙ። ጆሮዋ ሲግል ተሰማት፤ ግን ወደ ታች እያሸሸች የምትፈልጋትን መስመር አገኘቻት። አጭር መስመር ናት። ናኦሚ ጮክ ብላ አነበበቻት፤ ጆቴ ሁለት ቅዳሜ የፎከርሽባት ይቺ ናት ወይ አለ፤ ኢቢሳ እኔ የጠበቅኩት ገጽ የሚሞላ ነበር አለ። ሩክያ አጠፋቻት። ከሷ በኋላ የነበሩት መስመሮች አንድ ደረጃ ወደ ላይ ወጡ፤ ቦታዋም አልታወቀም።

ናኦሚ አንድ ነገር አሳሰባት። ማሽኑ በግድግዳው ሰዓት ከሄደ አዲስ ቀን የሚጀምርለት እኩለ ሌሊት ሳይሆን ፀሐይ ስትወጣ ነው አለች።

«እንደ ሰው» አለ ጆቴ።

የቀረው የመጨረሻው ደወል ነው፤ አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ የሚደወለው፣ አንድ ረጅም። ሩክያ ሻይዋን ሳትነካው ሰዓቱ ሲቃረብ ስልኳን አወጣችና ኦቦ ዋጋሪ ጋ ደወለች። ሰላምታው እንደተለመደው ረጅም ነበር፤ አካም ጅርታ፣ ቤተሰብ፣ ለቅሶው፣ ዝናቡ። ጆቴ ሰዓቱን እያሳየ በእጁ ቶሎ ቶሎ ይላታል። በመጨረሻ ግድግዳ ላይ ያለውን ሰዓት እያዩ እንዲያዳምጡ ለመነቻቸውና ስልኩን ስፒከሩ ላይ ደገፈችው። ውጭ የባጃጅ ጥሩንባ ተሰማ፤ ናኦሚ ተነስታ በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችው።

ደወለ። አንድ፣ ረጅም። መንገድ ላይ የሚያልፍ አንድ ሰው ቆሞ ወደ ሱቁ አየና መንገዱን ቀጠለ።

ሩክያ ስልኩን አንስታ ጆሮዋ ላይ አደረገች።

«ባርሲስቱ፣ ሁለት ደቂቃ ይቀድማል» አሉ ኦቦ ዋጋሪ። ባርሲስቱ፣ መምህርት በኦሮምኛ፣ የሚሏት በደህና ቀን ነው፤ መምህርት ሩክያ የሚሏት ሲከፋቸው።

«የቢሮው ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ ይሆናል፣ ኦቦ ዋጋሪ።»

ወንበር ሲንቀሳቀስ ተሰማት፤ ተነስተው ሌላ ሰዓት እያዩ መሆን አለበት። ሲመለሱ ስለ ቢሮው ሰዓት ምንም አላነሱም። ሰኞ ጠዋት በዚሁ ከደወለ የመጋዘኑን ቁልፍ ከሰልፍ በኋላ መጥታ እንድትወስድ ነገሯት። የዘሩን ሰዎች ሌላ ቦታ እንዲፈልጉ እሳቸው ራሳቸው ይነግሯቸዋል። ጋሽ አስማረን ግን ቀስ ብላ እንድታነጋግራቸው አደራ አሉ፤ ብረታቸውን በዘይት ወልውለው ነው የተቀመጡት።

ስልኩን ስትዘጋ ማንም ምን አሉ ብሎ አልጠየቃትም። ፊቷ ላይ ነበር። ጆቴ አብሽሪ ብዬሽ አልነበር አላት፣ የራሷን የወሎ ቃል ሰርቆ። አላለም ነበር፤ ግን ዛሬ አልተከራከረችውም። የበረደ ሻይዋን አንስታ ጠጣች።

ናኦሚ ሁለቱን የቫዝሊን ብልቃጦች ወደ መሃል ሳበች። ዛሬ ማን እንዳሸነፈ ለመወሰን ሽማግሌ ያስፈልጋል አለች፤ በሽታው ግማሹ ዕቃ፣ ግማሹ ኮድ ነው። እሷ ኮድ ብላ እንደነበር፣ ኢቢሳ ዕቃ ብሎ እንደነበር ተናዘዙ። የሌሎቹ የሁለቱ አልተጠየቀም፤ ጆቴ ኮድ፣ ሩክያ ዕቃ ሲሉ ከሰዓቱን ሙሉ ሰምተዋቸዋል።

መጀመሪያ «ዕቃ» የሚለውን ገለበጠችው። ሁለት ብሎኖች ወደቁ። አንዱ ጥቁር ነው። ሌላው ተንከባሎ ከትሪው ጋር ተጋጭቶ ቆመ፤ ቢጫ ነው።

ሁሉም ቢጫውን አዩት፤ ከዚያ ጆቴን አዩት። ጆቴ ትሪውን አንስቶ ብርጭቆዎቹን ለመመለስ ወጣ፤ ኢቢሳ የኔ ተራ ነው እያለ ተከተለው። ናኦሚ «ኮድ» የሚለውን ሳትገለብጠው ሩክያን ለአፍታ አየቻት። እዚያ ውስጥ ያሉት ሁለቱም ጥቁሮች ናቸው። አንዱ የናኦሚ ነው፤ ሌላው የሩክያ። ናኦሚ ሳቅ ብላ ብልቃጡን እንደተዘጋ ወደ ሩክያ ገፋችው።

ሩክያ ማሽኑን አጠፋች፤ የስፒከሩን ገመድ ጠቅልላ በላስቲክ አሰረችው። ክዳኑን ገጠመች። ጥቁሮቹን አንድ በአንድ አጠበቀች፤ ቢጫውን መጨረሻ ላይ አስገባች። ከሌሎቹ ትንሽ ይረዝማልና ሙሉ በሙሉ አይገባም፤ ራሱ ወጣ ብሎ ይቀራል። አንድ ጊዜ አዙራ ሞከረችው፣ አልነቃነቅ ሲል ተወችው። ከዚያ ካቻቢቴውን መደርደሪያው ላይ፣ ከላጲሱ አጠገብ፣ ቦታው መለሰችው።